ሩብ ዙር

ሙሉጌጥ ኃይለሚካኤል የጠመመ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። በሽታ ነው ብለው የሚያሟት አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ዘመም ብሎ ካየች፣ እንባዋን እየጠረገች ተነስታ አቅንታው ትመለሳለች። ከታቦር ተራራ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለችው የሳይክል መጠገኛዋ በር ላይ ቆሞ ቸርኬ ስታቀና ያያት ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጎማውን ትሰቅለዋለች፣ ታሽከረክረዋለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች፤ ከዚያ አንዱን ሽቦ ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ። ደንበኛው «ኧረ ይበቃል፣ እኔ ገበያ ደርሼ ልመለስበት ነው እንጂ ልወዳደርበት አይደለም» ቢላት አትሰማም። ጎማው ወዲህ ወዲያ ሳይል ጸጥ ብሎ እስኪዞር ድረስ ሳይክሉን አታስረክብም።

ሱቁ የባሏ ነበር። ተስፋዬ ሀዋሳ በሳይክል ጢም ባለችበት ዘመን ሳይክል አከራይ ነበር፤ ማከራየት እንጂ መጠገን አያውቅም። ከድሬዳዋ አግብቶ ያመጣት ሙሽራ አንድ ቀን ካቻቢቴውን ከእጁ ነጥቃ ፍሬን ስትሠራ አየ። ሰውዬው ብልህ ነው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ መሣሪያ አልነካም። ባጃጅ መጥቶ ኪራዩን ሲያቀዘቅዘው እሱ የሻሸመኔ መስመር ሚኒባስ ያዘ፣ እሷ ሱቁን ያዘች፤ ሁለቱም የሚሆናቸውን አገኙ።

መሣሪያ መያዝ ያስተማራት አባቷ ነው። ኃይለሚካኤል ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ መንኮራኩር ሲገጥም ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ሚስቱ አስካለ ስትሞትበት ሙሉጌጥ ሄዳ ዕቃውን ጠቅልላ ሀዋሳ አመጣችው። ድሬዎች አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው። ጎረቤቷ ፈትያ፣ ሳሙናና ዘይት የምትሸጠው፣ መጀመሪያ ሰሞን ሙሉጌጥ አባቷን «አንተ፣ ምሳ ቀርቧል» ስትለው ሰምታ አፏን በሻሿ ሸፍና ነበር። አሁን ለምዳዋለች። እኛም በድሬ ደንብ አንተ እያልነው እንቀጥላለን፤ ቅር አይለውም።

ኃይለሚካኤል ሥራ የገባ ጊዜ ከወርክሾፑ ጀርባ አንዲት ዝጋ የቆመች የከሰል ባቡር ነበረች። ማንም አይነዳትም። እሱ ግን በምሳ ሰዓት እየሄደ መንኮራኩሮቿን ግራሶ ይቀባላት ነበር፤ ለምን ቢሉት «ባትሄድም ትዘጋጅ» ይላል። ጡረታ ወጥቶ ሀዋሳ ከመጣ በኋላ ያቺን ባቡር ክንድ በምታህል መጠን ሊሠራት ተነሳ። ከተጣሉ የውኃ ቧንቧዎች ነሐስ ለቀመ፤ ከተሰባበረ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አገኘ፤ ስድስቱን መንኮራኩሮች ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቆረጠ። ግቢው ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ክብ ሐዲድ ዘረጋ። የቀረው መንኮራኩሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በሚያያይዘው ብረት፣ በአክሱ ላይ ገጥሞ ማስተካከል ብቻ ነበር፣ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው ሥራ። እዚህ ላይ ሳለ ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው።

እግሩ ቀስ እያለ ተመለሰለት፤ በከዘራ ከመኝታው እስከ በረንዳ ይደርሳል። ምላሱም ቃል እየቆራረጠ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን አልመጣም። ከጋቢው ሥር ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት፣ የሌላ ሰው አደራ ይመስል ሳያየው ይውላል። እቤት እየመጣች የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሊድያ ለስላሳ ኳስ ሰጥታው ነበር፤ እንዲጨብጠው።

«ኳስ... ለልጅ ነው» አላት።

«አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።»

«እንቁላል... ነኝ?»

ሊድያ ሳቀች። ሙሉጌጥ ወደ በሩ ስትሸኛት ግን አልሳቀችም። «እጁ አልሞተም፤ ጣቶቹ ይሰማሉ» አለቻት። «ግን ሥራ ያልታዘዘ እጅ ሥራውን ይረሳል። ጅማቱ አንዴ ከደረቀ በኋላ ብንፈልገውም አናገኘውም። የሚሠራበት ጊዜ አሁን ነው። እሳቸው ደግሞ እምቢ ብለዋል።»

ሙሉጌጥ ተመልሳ ስትገባ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ያላለቀችው ባቡር በመደርደሪያው ላይ፣ መንኮራኩሮቿ በቆርቆሮ ሣህን ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጣያት» አላት ሳይዞር። «ብረት ናት።»

አልጣለቻትም። አባቷ እምቢ ማለት ይችላል፤ እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናትና! ይህችን ባቡር በመንኮራኩሮቿ አቁሜ ከፊቱ ካላስኬድኳት ብላ ለራሷ ማለች። ባቡሯ ከተነሳች እሱም ይነሳል የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ለሊድያም ለተስፋዬም አልተናገረችም፣ ጅል እንዳይሏት። ከሱቅ እንደተመለሰች ጠረጴዛውን በረንዳው ላይ፣ ከአባቷ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠች። ሥራው እሱ እያየ እንዲሆን ፈልጋለች።

ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች፤ ሙሉጌጥም ከአክሱ ጀመረች። አንድ አክስ በሁለት ጫፉ ሁለት መንኮራኩር ይይዛል፤ እያንዳንዱ በትንሽ ብሎን ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሰፋ መንኮራኩሩ ሐዲዱ ላይ ይወጣል፣ ከጠበበ ወደ ውስጥ ይወድቃል። እሷ ቁራጭ ብረት በሞረድ ሞርዳ መለኪያ አበጀች፤ ሦስቱንም አክሶች በዚያችው ብረት እየለካች ገጠመች። ከዚያ እያንዳንዱን እንደ ሳይክል ጎማ አሽከርክራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። አንዱ ሲዞር ወደ ጎን ይወላገዳል፤ አቃናችው። ሌላው ይዘላል፤ አውጥታ እንደገና ገጠመችው። አባቷ ፊቱን እንዳዞረ ነው። የጎን ዓይኑ ግን መንኮራኩሩ ላይ እንደነበረች አይታበታለች፤ አላየሁም ብትል ትዋሻለች።

ከዚያ ዘንጎቹ መጡ። በእያንዳንዱ መንኮራኩር ፊት ላይ፣ ከመሐሉ ራቅ ብሎ አንድ ችንካር አለ። በአንድ ጎን ያሉትን ሦስት መንኮራኩሮች ችንካራቸውን እየያዘ አንድ ረጅም ዘንግ ያገናኛቸዋል፤ ሞተሩ አንዱን አክስ ሲያዞር የቀሩትን በዘንጉ እየጎተተ አብረው እንዲዞሩ ነው። በግራ አንድ ዘንግ፣ በቀኝ አንድ ዘንግ። ታዲያ የቀኙ ችንካር ወደ ላይ ሲሆን የግራው የት ይሁን? ይህ ለሙሉጌጥ ጥያቄም አልነበረም። የቀኝ ፔዳል ላይ ሲሆን የግራው ታች ነው፤ ሳይክል የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሦስቱም አክስ ላይ የቀኙን ሽቅብ፣ የግራውን ቁልቁል አድርጋ በውኃ ልክ እያየች ገጠመችው። ሥራዋ አኮራት። ባቡሯን ሐዲዱ ላይ አስቀምጣ ሽቦውን ከባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኘችው።

ባቡሯ ግማሽ ዙር ዞረችና ቆለፈች። ሞተሩ እንደታነቀ ሰው አጓራ።

በጣቷ ገፋ አደረገቻት፤ ግማሽ ዙር ሄዳ እንደገና ቆለፈች። ሙሉጌጥ ጥፋቱን ሞተሩ ላይ ጣለች፤ ሞተሩን ፈትታ ጠረገች። ባትሪው ላይ ጣለች፤ ሌላ ተበደረች። ግራሶ ቀባች። አፈረሰችና ከበፊቱ ይልቅ በጥንቃቄ፣ ላዩንና ታቹን በክር እየለካች ሠራችው። እሷ ልኩን በጠበቀች ቁጥር ባቡሯ ጠበቅ አድርጋ ትቆልፋለች። ክረምቱ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ እሷም ከዝናቡ ሥር ታፈርሳለች፣ ትገጥማለች።

ፈትያ ጥላዋን ዘቅዝቃ ብቅ ትልና «ሙሌ፣ ያቺ ባቡር ከኔ ሱቅ እስክትደርስ ልጆቼን ኩዬ ድሬ ልጨርስ ነው?» ትላታለች።

«ለሠርጋቸው ትደርሳለች» ትላታለች ሙሉጌጥ፣ ቀና ሳትል።

እንዲህ ትበል እንጂ ውስጧ ፈርቶ ነበር። ሊድያ በመጣች ቁጥር የአባቷን ጣቶች ስትዘረጋ እየደረቁ፣ እየታጠፉ መሄዳቸውን ሙሉጌጥ በዓይኗ ታየዋለች። ጊዜው እየሄደ ነው፤ ባቡሯ አትሄድም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባቡሯ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ስትቆልፍ፣ ከኋላዋ የሆነ ድምፅ ሰማች። ሳል መሰላት። ዞር ስትል አባቷ እየሳቀ ነው። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ አልሰማችውም፤ አፉ ወደ ግራ ብቻ ይሄዳል፣ ግን ሳቅ ነው።

«ከአህያ... የዋለች... ጊደር...» አለና አቆመ።

የቀረውን ሀገር ያውቀዋል፤ መጨረስ አላስፈለገውም። ሙሉጌጥ ካቻቢቴውን አስቀመጠች። መናደድም መሳቅም አማራት።

«እሺ፣ አህያዋ ማናት?»

«ሳይክል» አለ። «ይሄ... ሳይክል አይደለም።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ልትለኝ ነው? በል እንግዲያው አንተ አስተምረኝ። የቀኙ ላይ ከሆነ የግራው የት ይሁን?»

ኃይለሚካኤል ግራ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ከክንዱ ሽቅብ አቆመው። «አንዱ... እንዲህ።»

«እሺ። ሌላውስ?»

ሌላውን ሊያሳያት ሌላ እጅ ያስፈልገዋል። ዓይኑ ወደ ጋቢው ወረደ። ሙሉጌጥ አየችው። በዚያች ቅጽበት፣ እጁን አይታ ሳይሆን የታቦርን ዳገት አስባ፣ ነገሩ በራላት። ዳገት ላይ የቆመ ሳይክል ፔዳሎቹ አንዱ ላይ አንዱ ታች ቀጥ ካሉ ብትረግጠውም አይነሳም፤ መጀመሪያ ፔዳሉን በእግርህ ነካ አድርገህ ወደ ፊት ታመጣዋለህ። ባቡርን ማን ነካ ያደርግላታል? አንደኛው ጎን ቀጥ ብሎ ጉልበት ሲያጣ፣ ሌላው ጎን በሚገፋበት ቦታ ላይ ሆኖ መገኘት አለበት። ተቃራኒ ከሆኑማ ሁለቱም አብረው ይደክማሉ። ገባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ዋጠችው።

«አልገባኝም አባዬ» አለች። «አንዱ ሽቅብ። ሌላውስ?»

«ወደ... ወደ...»

«ወደ ታች?»

«አይደለም!»

«ወደ ኋላ?»

ኃይለሚካኤል ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ወርክሾፕ ውስጥ ደደብ ለማጅ ሲያጋጥመው እንዲህ ይሆን እንደነበር እናቷ አስካለ ትነግራት ነበር። ጋቢው ተንቀሳቀሰ። ቀኝ እጁ ከሥሩ ወጣ፤ ጭኑን ተከትሎ እየተንሸራተተ፣ አሞራ ገደል ሐይቅ ዳር ከመረብ እንደወጣ ዓሣ እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ ፊት ተዘረጋ። ጣቶቹ እንደታጠፉ ናቸው። ግራው ሽቅብ፣ ቀኙ ወደ ፊት።

«ሩብ!» ብሎ ጮኸ። «ሩብ ዙር፣ ደደብ!»

በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያላት ስድብ የለም። እንዳትጮኽ፣ እንዳታለቅስ፣ እጁን አንስታ እንዳትስም ራሷን ያዘች፤ ካደነቀችለት ይመልሰዋል፤ ታውቀዋለች። «እሺ፣ ታዲያ ያዝልኝ» አለችና አክሱን ቀኝ መዳፉ ላይ አስቀመጠችው። ጣለው። አነሳች፤ እንደገና ሰጠችው። ጣለው። በሦስተኛው ያዘው፤ እሷ ብሎኑን አላልታ የግራውን መንኮራኩር ሩብ ዙር ወደ ፊት አዞረች። ሁለተኛውን አክስ፣ ሦስተኛውን አክስ እንዲሁ። ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል፤ አቁም ልትለው ቃጣት፣ ግን አላለችውም።

ባቡሯ ሄደች። ከአቮካዶው ሥር ተነስታ ክቡን ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ፈትያ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ተስፋዬ በስልኩ ቀርጾ ለድሬ ዘመድ ሁሉ ላከ። ኃይለሚካኤል ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ አያት። «ትሰማለሽ?» አላት ልጁን። «አታንኳኳም።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሁላችንም ደስ ባለን። ግን በማግስቱ ሙሉጌጥ ከሱቅ ስትመለስ ቀኝ እጁ ጋቢው ሥር ተመልሷል።

ሊድያ መጥታ «አባባ፣ ትናንት ጉድ ሠሩ አሉ! እስቲ ዛሬ ያሳዩኝ» ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

«ጨረስኩ።»

እውነቱን ነው። ሥራው አልቋል። ኃይለሚካኤል ሥራ ካለ የሚሠራ፣ ሥራ ከሌለ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ኳስ መጨበጥ ለእሱ ሥራ አይደለም። በዚያም ቀን፣ በሚቀጥለውም እጁ አልወጣም። ባቡሯ መደርደሪያው ላይ ሆና ታብረቀርቃለች። ሙሉጌጥ ዓይኗ ባቡሯ ላይ ባረፈ ቁጥር ቂም ቂም ይላታል፤ ያንን ሁሉ ዝናብ የደከመችው ለዚህ አልነበረም።

ነገሩ የመጣላት ሱቋ ውስጥ ነው። የአንድ ዓሣ ሻጭ ሳይክል ገልብጣ የኋላ ጎማውን እያቀናች ነበር። ሰውዬው በየጊዜው ጭነት እያበዛ ያጣምመዋል፤ እሷ ታቀናለታለች፤ ተመልሶ ያጣምመዋል። «አንተ ሰው፣ ጎማህ ባይጣመም እኔን ረስተኸኝ ነበር» ብላ ልታሾፍበት አፏን ከፍታ ሳለ ባቡሯ ትዝ አለቻት። ሥራዋን ጨርሳ ሳይክሉን አስረከበች፤ ሱቁን ዘግታ በፍጥነት ወደ ቤት ሄደች። አባቷ አሸልቦታል። ባቡሯን ከመደርደሪያው አወረደች፣ የመሐለኛውን አክስ ብሎን አላላች፣ መንኮራኩሩን ትንሽ፣ ዓይን ብዙም የማያየው ያህል አዞረችና መልሳ አጠበቀችው። ለቅሶ ቤት ፎቶ የምታቀና ሴት በገዛ እጇ ቀጥ ያለ ነገር አጣመመች።

ሲነቃ ባቡሯን ሐዲዱ ላይ አስቀመጠች። ቆለፈች።

«አባዬ፣ ይቺ ነገር እንደገና እምቢ አለችኝ።»

«የሳይክል... ሰው ገጥሟት» አለ ኃይለሚካኤል በንቀት። «አምጪያት።»

ከዚያ በኋላ ባቡሯ ደህና ሆና የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ቀን ብሎኑ ላልቶ ይገኛል፤ አንድ ቀን በሁለቱ መንኮራኩሮች መካከል ያለው ርቀት ጠብቦ ከሐዲዱ ትወርዳለች፤ አንድ ቀን ሩቡ ከሩብ ያልፋል። ኃይለሚካኤል ሳይክልን፣ ሳይክል ሠሪን፣ ሳይክል የፈጠረውን ፈረንጅ እየረገመ ያስተካክላል። መጀመሪያ ቀኙ አክስ ብቻ ይይዝ ነበር። ቀጥሎ መንኮራኩሩን በአውራ ጣቱ ገፋ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ የብሎኑን መፍቻ ቁልፍ ያዘ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ወሬ ይዞ ሳያስበው፣ ማንኪያውን በቀኙ አነሳ። ተስፋዬ ሊናገር ሲል ሙሉጌጥ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

አባትን መዋሸት ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች። ገብርኤል ሄዳ ቆማለች፤ ይቅር በለኝ ግን አላለችም፤ አልተወችውማ። «እስኪበቃው ድረስ ዝም በለኝ» ብላ ተመለሰች።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ አባራ። አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለሚካኤል የፊተኛውን አክስ በግራው ይዞ፣ ብሎኑን በቀኙ አጠበቀ። ቁልፉ አንዴ አመለጠው፤ ከመሬት አንስቶ እንደገና ያዘው። እሷ አልረዳችውም። ባቡሯን ራሱ ሐዲዱ ላይ አስቀመጣት፤ ክቡን ዞረች፣ አላንኳኳችም። ካያት በኋላ ባትሪውን ነቀለ። ሙሉጌጥ እንደ ወትሮዋ ባቡሯን አቅፋ ወደ መደርደሪያው ወሰደቻት።

«ሙሉ» አላት ከኋላዋ።

«አቤት አባዬ።»

ጨርቅ ይዞ የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ከግራሶ እየጠረገ ነው። ዓይኑን ከጣቶቹ አላነሳም።

«ነገ ስታጣሚያት... ብሎኑን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። ይሄ... ቀሎኛል።»

ሙሉጌጥ ባቡሯን እንዳቀፈች ቆመች። መዞር ፈልጋ አልቻለችም፤ እንባዋ ቀድሟታል።

«እሺ አባዬ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች።